የአማት ፊት በአቴና

ለአባቴ ለኤውቲክራቴስ፣ ሌምኖስ ደሴት።

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ያ የግራ ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? ክረምቱን ሙሉ ባሕሩ መርከብ ከልክሎን ወሬያችሁን ሳልሰማ ስለቆየሁ ሐሳብ ገብቶኛል። ወይኑን ገርዛችሁ ጨረሳችሁ? አህያችን ሜላና አሁንም ድልድዩ ጋ ስትደርስ ትገግማለች? እኔ ለአማልክት ምስጋና ይሁንና ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል፣ ምክንያቱን አሁን ይደርሱበታል።

ስሸኝ ወደቡ ላይ ያሉኝን አልረሳሁም። «እስከ ዲዮኒሶስ የቲያትር በዓል ድረስ አንድ ሰው እንኳ ስምህን ካልጠራ፣ ያንን ጭምብል ጥለህ መጥተህ አህያ ትነዳለህ» ብለውኝ እኔም ምዬ ነበር። ይኸው በዓሉ መጣ። ደራሲያችን ቲሞንዳስ የሰጠኝ አንድ አህያ ሻጭ ሆኜ ገብቼ፣ አሥራ ሁለት መስመር ተናግሬ መውጣት ነው። እሷኑ ቀን ከሌት ግድግዳውን እያናገርኩ ሳጠና፣ ያከራየችኝ ሴትዮ «ይሄስ ልጅ ለየለት» ብላ ለመንደሩ ሁሉ አውርታብኛለች።

ጠዋት ሆዴ ላይ ትራስ አስረው፣ ያንን አስቂኝ ተዋናይ ሁሉ ከወገቡ በታች ከፊት የሚያንጠለጥለውን ቆዳ ሰቅለውልኝ (ለእማዬ ሲያነቡላት ይዝለሉት)፣ ጭምብሉን አጠለቁልኝ። ከእኛ በፊት የገቡትን ሕዝቡ የእንጨቱን ወንበር በተረከዙ እየደበደበ፣ የወይራ ፍሬ እየወረወረ አባሯቸዋል። በቃ፣ ዛሬ አለቀልኝ አልኩ።

አህያዬ አንድ ቆዳ ውስጥ የገቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። የኋለኛው ላኬስ ጠዋት ባቄላ ጠግቦ ነው የመጣው። ልክ መሃል ስንደርስ ፊተኛው ከቆዳው ውስጥ «ኧረ ታፈንኩ! ወይ ፍንክች!» ብሎ ቀጥ አለ። ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት፣ የለም። አሥራ ሁለቱም መስመር ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። የሕዝቡ ተረከዝ ወንበሩን መደብደብ ጀመረ። ያን ጊዜ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? በደሴታችን አነጋገር፣ ሜላናን ድልድዩ ጋ በሚቆጡበት በእርስዎ ድምፅ፣ «ቼ! ተንቀሳቀሺ እንጂ! ቆማ ታፈጥብኛለች እንዴ፣ አንቺ የአማት ፊት!»

አባባ፣ አቴና ውስጥ አማት የሌለው ሰው የለም ለካ! ቲያትሩ በሳቅ ፈነዳ። ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ወደቁ። «ድገመው!» አሉኝ፤ ደገምኩት። እንደገና «ድገመው!» ድምፄ የተዘጋው በዚህ ነው። በጭምብሉ ውስጥ የእርስዎን ድምፅ ስሰማ ናፍቀውኝ፣ እነሱ ሲስቁ እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ስወጣ ቲሞንዳስ አንገቴን አንቆ «ይሄን ማን ጻፈው?» አለኝ። አባቴ አልኩት። ለቀቀኝና «አህያዋን ሌላስ ምን ይላታል?» ሲለኝ እግሬ መሬት አልነካም። የውድድሩ ዳኞች አንደኛ አሉን! ቲሞንዳስም ከድል አክሊሉ አንዲት የሐረግ ቅጠል ቀንጥቦ «ለአህያ ነጂው» ብሎ ሰጠኝ፤ ከዚህ ጋር ልኬያታለሁ፣ ሜላና እንዳትበላት።

አሁን የጨነቀኝ መሐላዬ ነው። ዓሣ ሻጩም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ባለፍኩ ቁጥር «የአማት ፊት! የአማት ፊት!» እያሉ ይጠሩኛል። በስሜ ቴሌኒኮስ ብሎ የጠራኝ ግን አንድም ሰው የለም። ይሄ ስም ነው አይደለም፣ እርስዎ ይፍረዱ። አይደለም ካሉኝ በሚቀጥለው መርከብ እመጣለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ክቴሶንን መረቡን ውኃ ውስጥ እንዳይረሳ ይበሉልኝ። ሜላናን ጆሮዋን ይከኩልኝ። አማትዎን፣ አያቴን ፊሊናን፣ ጉልበቷን ስመው «አቴና ሁሉ ስላንቺ ያወራል» ይበሏት። ምን ብሎ ካለችዎት፣ እኔ የለሁበትም።

ልጅዎ፣ የአማት ፊት

አቴና፣ ኤላፌቦሊዮን ወር፣ በዓሉ ባለቀ በማግስቱ።