የሲስተር አልማዝን ገጽ ያጠፋሁ ዕለት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። የደንበኞቻችን ድረ ገጾች የሚተዳደሩበት ፓኔል ጠዋት አልከፈት አለኝ። ስለዚህ ሥራውን በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ ቀጠልኩ። ውሉን ያቋረጠ ደንበኛ ገጽ ልሰርዝ ብዬ በአንድ ፊደል ስህተት የሲስተር አልማዝን ሰረዝኩት። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቤቴል ቤታቸው ሆነው ስለ ቁስል አያያዝ ይጽፋሉ። ገጹን ከመጠባበቂያ ቅጂው መለስኩት፤ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ በስንት መከራ የጻፏቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ጽሑፎች ግን ቅጂው ውስጥ የሉም።

አለቃዬ «ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው በያቸው» አለኝ። አልሆነልኝም። ደወልኩና «ሲስተር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ሲስተርም እንዲህ አሉኝ፦ «እኔም በወጣትነቴ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ሰጥቼ አውቃለሁ። የዚያን ቀን እህል አልቀመስኩም። አንቺስ ምሳ በልተሻል?»

አልበላሁም ነበር።

«ብዪ። ቅዳሜ ነይና የጠፉትን ጽሑፎች እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ለመሆኑ አንብበሻቸው ነበር?»

አፈርኩ። አምስት ዓመት ገጹን ስጠብቅ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። «አላነበብኩም» አልኳቸው።

አሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ እያነበብኩ ነው።