ለሳነቴ ጉም የሚሆን ታብሌት

ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሮቤ

ባለፈው ወር ሳነቴ አምባ ላይ በጉም መንገድ ስቼ፣ ወደ ሃረና የያዝኩት የከብት ክትባት በረዶው ሟሙቶ ተበላሸ። ጥፋቱን ሁሉ በአሮጌው ታብሌት አላከክሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ካርታውም አብሮ ይጠፋል። ሐሙስ እንደገና እወጣለሁ። ስለዚህ ዛሬ ለመኪናው ጠንካራ ታብሌት ልመርጥ ወይዘሮ ዘሃራ ሱቅ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ፀሐይ ላይ ባወጣው የራሴን ፊት እንጂ ካርታውን አላሳየኝም። "መስታወት አልጠየቅኩም!" ብዬ መለስኩት። የሁለተኛውን ኔትወርክ ዘጋሁበት፤ ውኃ አርከፈከፍኩበት፤ በጓንት ነካካሁት።

"ያ ረቢ! ዶክተር፣ እኔ ልጄን ስድር አማቼን እንዲህ አልፈተንኩም" አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

"አማችዎ ሳነቴን አይወጣማ!"

"እንግዲያው ይዘውት ይውጡ። መታወቂያዎን ብቻ ይተዉልኝ።"

በጎባ በኩል ወጣሁ። መኪናው ሲንገጫገጭ ታብሌቱ ከማቀፊያው አልተነቃነቀም። የተሳሳትኩበት መታጠፊያ ስደርስ ጉሙ እንደዚያን ቀኑ ወርዶ ነበር። ኔትወርክ የለም፤ ካርታው ግን አለ፤ ወደ ግራ ይላል። ያን ቀንም አንድ ፈረሰኛ "ቢታ! ቢታ!" እያለ በእጁ ግራውን አሳይቶኝ ነበር። "አውቃለሁ" ብዬ ተቆጥቼው ወደ ቀኝ የታጠፍኩት እኔ ነኝ።

ቦታውን ካርታው ላይ ምልክት አደረግሁበት። ታብሌቱ ስም ስጠው ሲለኝ "አውቃለሁ ያልኩበት" ብዬ ጻፍኩ።

ታብሌቱን ገዛሁት። ሐሙስ በረዶው ሳይሟሟ ሃረና እገባለሁ።