ጨጓራ ነው ያልናት

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ጂያንሹን፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? የባሕሩ ብርድ እንዴት አደረገህ? ያ በዓሣ ቢላዋ የተቆረጠው ጣትህስ ዳነልህ? እትዬ ዩን ደህና ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ መዋሸት ሰልችቶኛል። እማዬ በሕይወት አለች፤ መጀመሪያ ይህን እወቅልኝና ቁጭ ብለህ አንብብ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን ሁልጊዜ የምታነሳው እሷ ስለሆነች ነው።

ሐኪሙ ካንሰር ነው ያለን ቀን «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ድንጋጤው ይገድላታል» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ እዚህ አገር ማን ለእናቱ ይነግራል? ጨጓራ ነው አልናት። ኬሞቴራፒ ስትወስድ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን በፕላስተር ሸፈንኩት። ስትወጣ የሰጡንን የማስጠንቀቂያ ወረቀትም፣ ማንበብ ስለምትችል፣ አጣጥፌ ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ደበቅኩት። እኔ ራሴ በወጉ አላነበብኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ነርስ የሆነ ሰው ወረቀት ምን ያስተምረዋል ብዬ! የማዋለጃ ክፍል ነርስ መሆኔን ረሳሁት። ስለ ኬሞቴራፒ የማውቀው ጎረቤት ከሚያውቀው አይበልጥም ነበር፤ ያስመልሳል፣ ጸጉር ያረግፋል።

ሦስተኛውን ዙር በወሰደች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አተኮሳት። አክስታችን ጉዊላን ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። «ከጡብ አልጋዋ ሥር ባለው ምድጃ እሳቱን አንድጄ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤላታለሁ፣ ዝንጅብል በቀይ ስኳር አፍልቼ አጠጥቻታለሁ፤ ላቧ ጠብ ሲል ይለቃታል» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ጎሽ፣ ያልባት፤ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» አልኩ። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ስሜ እንኳ ጠፍቶባታል።

ሆስፒታል ስንደርስ የካንሰር ክፍሏ ነርስ ፓንግ «ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?» አለችኝ። ጠዋት አልኳት። «ጠዋት! መድኃኒቱ እኮ በሽታ የሚከላከልላትን ደም ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ሠላሳ ስምንት ከደረሰ እየሮጣችሁ ኑ ብለን በትልቁ ጽፈን አልሰጠናችሁም? ጭራሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ቀቅላችሁ ታመጡልኛላችሁ? እቤታችሁ ፊደል የቆጠረ ሰው የለም?» አለችኝ። የሥራ መታወቂያዬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ራሴን ጠላሁት።

ስድስት ቀን ከሞት ጋር ታገለች። በሰባተኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉንም ልነግራት እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። አላስጨረሰችኝም። «ተነሽ አንቺ፣ ወለሉ ይበርድሻል። ወረቀቱን ዱቄት ስዘግን አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። ትኩሳት ሲይዛት መሮጥ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮኽኩባት። «ሆስፒታል ውሰዱኝ ብል ማወቄን ታውቁብኛላችሁ። ወንድምሽ እንቅልፍ የሚወስደው እናቴ አታውቅም ብሎ ሲያስብ ነው» አለችኝ።

ትናንት ቤት መለስናት። ክብደቷ የልጅ ነው የሆነው። አራተኛውን ዙር ትችለው እንደሆነ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። ወረቀቱን ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቴርሞሜትሩም አጠገቡ በክር ተንጠልጥሏል።

እትዬ ዩንን ሰላም በልልኝ፤ ልጁንም ጉንጩን ሳምልኝ። አክስቴ ጉዊላን ሰላም ትልሃለች፤ በእኔ ጥፋት ራሷን እየወቀሰች ስለሆነ አጽናናት። እማዬ በጣም ናፍቀሃታል። ማወቋን እንዳልነግርህ አደራ ብላኝ ነበር፤ አደራዋን በላሁ። እሑድ ስትደውል «ጨጓራሽ እንዴት ነው?» አትበላት። «ዛሬ ሙቀትሽ ስንት ነው?» በላት።

እህትህ ሹፈን
ሊሁዋ መንደር፣ ጋንሱ
ኖቬምበር 14 ቀን 2018