«ኦቨርፍሎው ስድስት» ስለተባለው ባለቤቴ

ለክቡር አቶ ግራንት ሆልዉድ፣
የከተማችን ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በር ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይህን ደብዳቤ በደኅና እንደሚያነቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሌስያ ፕሮኮፒዩክ እባላለሁ። ባለቤቴ ኔስቶር በጥር ወር የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታልዎ ሲገባ አልጋው ኮሪደር ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ ተዘረጋለት፤ ከራስጌውም «ኦቨርፍሎው 6» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ስለሆነም ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ስለ ቋንቋ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ኔስቶር ሃያ ዘጠኝ ዓመት የወንዙን ግድብ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነውና ቃሉን ያውቀዋል፤ ዕቃው እስከ አፉ ሲሞላ ተርፎ የሚፈሰው ማለት ነው። ወረቀቱን አንብቦ፣ እየሳለ፣ «ሌስዬ፣ ውኃ እንኳ የሚፈሰው ግድቡ ሲሞላ ነው፤ እስቲ መሙላቱን አይተሽ ነይ» አለኝ።

2. ሄጄ አየሁ። ስሟን የማልነግርዎ አንዲት ነርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ፤ እኔ ግን አልነገርኩዎትም» አለችኝ። አሥራ አንድ አልጋ ፕላስቲክ ለብሶ ተደርድሯል፤ በየራስጌው የኦክስጅን መስመር፣ በየራስጌው የጥሪ ደወል። ጸሐፊዎን ብለምን፣ «ፎቁ በሠራተኛ እጥረት ተዘግቷል፤ በአሠራራችን መሠረት ሞልተናል» አለችኝ። ባዶ ሆኖ መሙላት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ።

3. በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአልጋው አጠገብ ያቆሙለት የኦክስጅን ሲሊንደር አለቀ። እኔ ሾርባ ላመጣለት ወርጄ ነበር። ስመለስ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እጁ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ የሌለውን ደወል ፍለጋ። ጮህኩ። ያቺው ነርስ እየሮጠች መጣች፤ ሁለት ክፍል ለብቻዋ ተሸክማ ነበርና እሷን አልከስም። ኔስቶር ግን አልጠበቃትም።

4. የሞተበትንም ቦታ በሞት ማስረጃ ሰነዱ ላይ «ኦቨርፍሎው 6» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ክቡር ሆይ፣ አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልተረፈኝም።

ሰነዱ ታርሞ «ኮሪደር» ተብሎ እስኪጻፍና ሦስተኛው ፎቅ እስኪከፈት ድረስ በየማለዳው ከቢሮዎ በር ፊት ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ጠባቂዎ ሊያስነሳኝ መጥቶ ነበር፤ የማንን ሚስት እንደሚያስነሳ፣ ባሌም የት እንደሞተ ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰ።

ቸርነትዎን ተሸክማ መጨረስ ያቃታት፣
ሌስያ ፕሮኮፒዩክ፣ የኔስቶር ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በኔስቶር ስም የላካችሁት መጠይቅ ደርሷል። «በቆይታዎ ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል። እንዲሞላው ብዬ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ጭኜ አስቀምጬለታለሁ፤ መልሱን እርስዎ ራስዎ ሄደው ይቀበሉት።