ያልተንበረከኩት ኢያኔታ ሴሚሲ

ወይዘሮ ኢያኔታ ሴሚሲ ከቤት ሠሪው ከአቶ ሴሚሲና ሰሌን ከሚሠሩት ከወይዘሮ ፊሊፋ በሳቫይ ደሴት፣ ፋሌታንጋ መንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የሰሌን ሥራ እናታቸው አስተማሯቸው። መጥረቢያውን ግን አባታቸውን አይተው ያዙት። የወንድ ሥራ ነው ተባሉ። አልተዉትም።

በ1984 ዓሣ አጥማጁን አቶ ሲኦሴን አግብተው ሎሴንና ኢሳኮን ወለዱ። ከእንጨት ምስል ጠረቡ። ኦክላንድ ከተማ ሄደው ለሥነ ጥበብ ትርኢት አንድ አዳራሽ ሙሉ የተቀዳደደ መረብ ሰቀሉ። ይህም ጥበብ ነው ብለው፣ ባሕሩ ሞልቶ አንገታቸው እስኪደርስ ሕዝብ እያያቸው ቆሙ። “ይሄ ደግሞ ምኑ ሥራ ነው?” ላላቸው ሁሉ መልሳቸው “እስቲ ቆመህ ሞክረዋ!” ነበር።

በ1990 አውሎ ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ምሰሶ ጣለ። ወይዘሮ ኢያኔታ ሳያስፈቅዱ ወሰዱት። የቤተሰብ አለቆች ሸንጎ ከመንደር አስወጣቸው። እንደ አገሩ ልማድ ሰሌን ተከናንበው፣ ተንበርክከው ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ በሕይወትም ሆነ በሞት ወደ አባታቸው መሬት እንዳይመለሱ ፈረደ። ከፈረዱት አንዱ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ፊኔአሶ ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ የአቶ ሲኦሴ ጀልባ ባሕሩ ዳር ታየች። ከሸንጎው ቤት ፊት ለፊት የወይዘሮ ፊሊፋን የክብር ሰሌን የተከናነበ ሰው ተንበርክኳል። ሰሌኑን ማንሣት ምሕረት ማድረግ ስለሆነ ማንም አልተጠጋም። ፀሐዩ በረታ። አቶ ፊኔአሶ እኅታቸው ተዝለፍልፈው እንዳይወድቁ ፈሩ፤ ሄደው ሰሌኑን አነሡ።

ከሥሩ የተንበረከከች የእንጨት ሴት ነበረች። የተጠረበችው ከዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ነው። ፊቷ ቀና ብሏል። ወይዘሮ ኢያኔታ ከጀልባዋ ወርደው መጡ።

“አንቺ! በሽማግሌ ትቀልጃለሽ?” አሉ የሸንጎው ሰብሳቢ።

“አልቀለድኩም አባቴ። ምሰሶው ተንበርክኮላችኋል። እኔ አልንበረከክም።”

ሁሉም ወደ አቶ ፊኔአሶ ዞሩ።

“ያነሣሁት እኔ ነኝ። አበቃ!” አሉ። “ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።”

ገቡ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ሠሩ። በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሐሙስ ሜይ 11 ቀን 2023 ዐረፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃቸው የኖረችውን የእንጨቷን ሴት ለቀብሩ ዞር እናድርጋት ያሉ ነበሩ። ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ያንኑ ሰሌን ለብሰው ከአባታቸው ጎን ይተኛሉ። አሁን የሚያነሣው የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቀና እንዳለች ይቀበላት።