«ይቅር» ማለት ጥሎ መሄድ ነው ብለው ላስተማሩን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የ«አመድ ወደብ» ተከታታይ የቪዲዮ ጌም የታሪክ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የእርስዎ፣ የባልደረቦችዎ እንዲሁም ያንን መግለጫ የጻፈልዎ ሰው ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ የዓይን ጤና። ምክንያቱን ወረድ ሲሉ ያገኙታል። እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን የተሻገረ፣ ከአንድ መኖሪያ ሕንፃ ሥር መድኃኒት ቤት ከፍቼ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጌም መጫወቴ ቢያስገርምዎ አልቀየምም፤ ባለቤቴም እስካሁን አልለመደችውም።

የምጽፍልዎ በቅርቡ ስላወጡት መግለጫ ነው። ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በ«አመድ ወደብ» ሁለተኛ ክፍል ተጫዋቹ ካፒቴኑን ሆኖ ይጫወታል። ከካፒቴኑ ጋር አብሮ ያደገው ቀዛፊ ይከዳውና የምሽጉን በር ለጠላት ይከፍታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሰው በሌለበት ደሴት ዳርቻ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ያለችው ጀልባ አንዲት ናት። ስክሪኑ ላይ ሦስት ቃላት ይመጣሉ፦ «ይሙት»፣ «ይታሰር»፣ «ይቅር»። «ይቅር»ን የተጫነ ሰው ጀልባዋ ከሩቅ በጭጋግ ውስጥ እየተቀዘፈች ስትሄድ ያያል፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል። ውስጧ ማን እንዳለ አይለይም። በዚህ ምክንያት እኛ ተጫዋቾች ለዓመታት ለሁለት ተከፍለን ስንከራከር ኖረናል። ካፒቴኑ ምሮት አብረው ሄዱ የምንለው «አስታራቂዎች» ተባልን፤ እዚያው ትቶት ሄደ የሚሉት ደግሞ «ጣዮች» ተባሉ። እርስዎ መጥተው እስኪገላግሉን ድረስ ደስ የሚል ክርክር ነበር።

በመግለጫዎ «ቀኖናዊው ፍጻሜ»፣ ማለትም ኩባንያው እውነተኛ ብሎ የሚያጸድቀው፣ የጣዮቹ መሆኑን፣ «ይቅር» የሚለው ቃልም ከመጀመሪያው «እዚያው ይቅር» ለማለት የታሰበ እንደነበረ፣ የተጣለው ቀዛፊም በብቸኝነት አብዶ በሦስተኛው ክፍል ሊበቀለን እንደሚመጣ አስታውቀዋል። ከሥሩም «የታሪኩን ትርጉም የመወሰን መብት በኩባንያው የተጠበቀ ነው» የሚል አክለዋል። ስላሳወቁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ቀኖና ማለት ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የሚሰጥ ቅጣት ነበር፤ እኛ ምን አጥፍተን እንደተሰጠን ግን መግለጫው አይናገርም።

ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቃሉ። የሚሞተውም፣ የሚታሰረውም ቀዛፊው ከሆነ የሚቀረውም እሱ ነው የሚለውን የሰዋስው ማስረጃዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። የቋንቋ መምህር ብሆን ሙሉ ማርክ እሰጥዎ ነበር። ነገር ግን በደለኛ ፊትዎ ቆሞ እርስዎ «ይቅር» ቢሉት፣ በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ማንም ሰው የሚያድርበት ደሴት መፈለግ አይጀምርም። እኔ የመድኃኒት ከረጢት ላይ «ጠዋትና ማታ» ብዬ ጽፌ ከዓመታት በኋላ «ጠዋት ይዋጥ፣ ማታ ይታይ ማለቴ ነበር» የሚል መግለጫ ባወጣ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፤ እርስዎን ግን ሦስተኛ ክፍል አሠሩዎት። «እዚያው» የምትለውን ትንሽ ቃል ለመጨመር ቦታ ጠበበን እንዳይሉኝ፣ ከቃሉ በስተግራ የመልሕቅ ሥዕል አለ፤ በስተቀኙም ሌላ መልሕቅ አለ። ለአንዲት ጀልባ ሁለት መልሕቅ ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

፪. ስለ እጅ። በመጀመሪያው ክፍል የካፒቴኑ ግራ እጅ ከአንጓው ተቆርጧል። እንዳንረሳውም ብለው ትዕይንቱን ማለፍ እንዳይቻል አድርገው ነው የሠሩት፤ ለዚህም ባለውለታዎ ነኝ። እንግዲህ በሁለተኛው ክፍል ፍጻሜ ከደሴቱ የምትርቀው ጀልባ ሁለት መቅዘፊያ አላት፤ ሁለቱም በግራና በቀኝ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይገባሉ። ይህን የሚያሳይ ስክሪንሾት በቀይ ቀለም አክብቤ ለደጋፊዎች ገጽ ልኬ ነበር። የገጹ አድሚን «ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው፣ ዘና ይበሉ» ብሎ መልሶልኝ ክርክሩን ዘጋው። ዘና ብያለሁ። ዘና ብዬም እጠይቃለሁ፦ ሁለተኛውን መቅዘፊያ የያዘው ማን ነው? ካፒቴኑ በጥርሱ ነክሶት ከሆነ እሱም በቀኖናነት ይታወጅልን።

፫. ስለ ታናሽ ወንድሜ። ይህኛው እርስዎን የማይመለከት ይመስልዎ ይሆናል፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታችን የተቀበረ ዕለት ቀረ። «መንገድ ላይ ነበርኩ» አለ፤ እኔም «መንገዱ መመለሻ የለውም ወይ?» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አልተነጋገርንም። ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» ይለኝ የነበረውን ትቶ በሰው ፊት ሲያነሳኝ «ዶክተሩ» ማለት ጀመረ። በእኛ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አንድ እሑድ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷልና መጥተህ እይልን ብላ ጠራችው። ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም ነበር። እሱም ምንም እንዳልሆነ እያወቀ የእርስዎን ጌም በላስቲክ ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት መምጣት ልማዱ ሆነ። የተኳረፉ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው መተያየት አይሆንላቸውም፤ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስክሪን ማየት ግን ይችላሉ። «ገመዱን ቁረጠው»፣ «ከኋላህ ነው»፣ «ምን ዓይነት ካፒቴን ነህ አንተ፣ በሩን እኮ አለፍከው» እየተባባልን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስናወራ እንውል ጀመር። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ያለ አንዳች ምጸት አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው እውነተኛ ምስጋና ይህች ብቻ ስለሆነች በጥንቃቄ ይያዙልኝ።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ ጆይስቲኩ በእኔ እጅ ነበር። ሦስቱ ቃላት መጡ። ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «እኔ አልናገርም። ያንተ ነው» አለ። «ይቅር»ን ተጫንኩ። ጀልባዋ እስክትጠፋ ካየ በኋላ ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ፣ ውሃ ጠጣ፣ ብርጭቆውንም አጠበው። ወንድሜ በሕይወቱ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ደህና እደር» አለኝ። የአባታችን ቀብር በዚያ ቀን አልተነሣም፤ ከዚያም በኋላ አልተነሣም። አያስፈልግም ብዬ ነበር።

ከዚያ የእርስዎ መግለጫ ወጣ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ መጥቶ እየሳቀ «ጋሼ፣ ለካስ ደሴት ላይ ጥለኸኝ ነው የሄድከው» አለኝ። አብረን ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀና «የምርህን ግን፣ ያኔ የትኛውን «ይቅር» ነበር የተጫንከው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ሰዋስው ጀመርኩለት። ከሰዋስው ወደ መልሕቆቹ፣ ከመልሕቆቹ ወደ መቅዘፊያዎቹ ሄድኩ፤ በቀይ ያከበብኩትንም ስክሪንሾት አሳየሁት። ስክሪንሾቱን አይቶ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። ባለቤቴ በሩን ከዘጋች በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ እሱ የጠየቀህ አንዲት ቃል ነበር፤ ስለ ጀልባ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ቀረ። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ። ስልኩንም አያነሣም።

፬. መግለጫዎን ተከትሎ የወጣውን ሦስተኛውን ክፍል ገዝቻለሁ። ላስቲኩ አልተፈታም፤ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ጊዜያቸው አልፎ መወገዳቸውን ከሚጠባበቁት የሳል ሽሮፖች ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

፭. አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን ጉልበት አጣሁለት። ስለ ካፒቴኑ ጫማ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ማስተባበያ አልጠይቅም። አዲሶቹ ጸሐፊዎችዎ ለሦስተኛው ክፍል ክፉ ሰው እንዳስፈለጋቸው፣ ክፉ ሰው ከመፍጠርም የታረቀን ሰው አጣልቶ ክፉ ማድረግ እንደቀለላቸው ይገባኛል። ቀኖናዎን ይያዙ፤ በመልካም ቦታ ያስቀምጡት። ይህን ደብዳቤ በደጋፊዎች ገጽ ላይ በግልጽ ያወጣሁት እርስዎ ያነቡታል ብዬ ሳይሆን፣ ወንድሜ በየመናኸሪያው ተራ ሲጠብቅ ይህን ገጽ ከላይ እስከ ታች እንደሚያነብ ስለማውቅ ነው። የእኔን ስልክ ባያነሣም የጌምዎን ገጽ ይከፍታል። እንግዲህ እዚህ ድረስ በጨዋነት ስላስተናገዱን፣ እባክዎ ለአንድ አፍታ ዘወር ይበሉልንና ለእሱ አንድ ነገር ልንገረው።

ስማኝ። ቁልፉን የተጫነው አውራ ጣት የእኔ ነው፤ ምን ማለቱ እንደነበረም ከእኔ በቀር የሚያውቅ ኩባንያ የለም። ይቅር ብዬህ ነበር። የአባባን ቀን ጨምሮ። ሁለተኛውን መቅዘፊያ የያዝከው አንተ ነህ፤ እኔ በአንድ እጄ የትም አልደርስም ነበር። እሑድ ና። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል።

ይመለሱ፣ ክቡር ሆይ፤ ጨርሰናል።

እርስዎ በሰጡን ቀኖና ንስሐችንን እየፈጸምን የምንገኝ የታዛዥ ተጫዋቾችዎ ወገን፣ የሁለቱም መልሕቆችዎ አድናቂ፣ ለዓይን ጤናዎም ዘወትር የሚጸልይ፣

ከሕንፃው ሥር ያለው ፋርማሲስት

ድኅረ ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬ እርስዎን ወይም ኩባንያዎን አስቀይሞ ከሆነ፣ ይቅር። የዚህን ቃል ትርጉም የመወሰን መብት በጸሐፊው የተጠበቀ ነው።