ይታይሽ ያልፈረመችበት ኑዛዜ

ሰኞ

እኔን! ዕድሜ ልኬን ኑዛዜ ስጽፍ የኖርኩትን ጠበቃ ልታስተምረኝ መጣች። ይታይሽ ትባላለች፤ እዚሁ ንፋስ መውጫ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የሚያኖር ማኅበር ሠራተኛ ናት። የከተማውን ጠበቃ ሁሉ በእግሯ እየዞረች ነው። መዋጮ ልትጠይቅ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ።

"ገንዘብ አልፈልግም ጋሼ። ኑዛዜ ሲጽፉ፣ ከቤተሰብ ሌላ የሚያስቡት አለ ወይ ብለው ይጠይቁልን። የእኛን ስም እንኳ አያንሱ፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል።"

እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ተናደድኩ፤ በራሴ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ

ጠየቅኩ! አያ አለባቸው ከስማዳ መጡ። ቅዳሜ ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ሳልናዘዝ አልሄድም ብለዋል። እርሻውን ለወንድና ለሴት ልጃቸው አሉ። የይታይሽን ጥያቄ ጣል ሳደርግ፣ "ወገዳ ከተማ ያለው ቤቴ እዚህ ላሉት ጧሪ ላጡት ይሁን" አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ዓርብ

ማፈሬን ልጻፈው። አራት ምስክር ያስፈልጋል፣ ሦስት መጡ፤ የአራተኛው መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ። ይታይሽ በአጋጣሚ ብቅ አለች። "ነይ ፈርሚ!" አልኳት። እኔ፣ የሕግ ሰው! አንብባ እጇን ሰበሰበች።

"እኛ በምንጠቀምበት እኔ ምስክር?"

ሌላ ሰው ልጠራ ስነሳ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ልጆችዎ ያውቃሉ አባቴ?" አያውቁም። "እንግዲያው መጀመሪያ ይንገሯቸው። ኋላ ከምትጣሉ ቤቱ ቢቀርብን ይሻላል።"

አያ አለባቸው ወረቀቱን ሳይፈርሙ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ነገ ይሄዳሉ። ባይመለሱስ? ማኅበሩ እኮ ቦታ ጠቦት ሰው እየመለሰ ነው። ላንቃት ምንም አልቀረኝም፤ ደግሞም እንደሷ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማኅበሩ ጎራ አልኩ። የአንዲት አሮጊት ጥፍር እየቆረጠች ነበር። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። "አባታችን ባሕር ዳር በደህና ገቡ?" ብቻ።

ማክሰኞ

የአያ አለባቸው ልጅ ደወለችልኝ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል፤ ተመስገን! ከመግባታቸው በፊት ስለ ቤቱ ነግረዋቸዋል። ወንድሟ "ምን በደልንዎት?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር።

"እናታችሁ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ። መጨረሻዬ እነሱ ዘንድ ይሆናል ብዬ ነው" አሉት።

አለቀሰ አለችኝ። ከሆስፒታል ሲወጡ እሱ ቤት ሊወስዳቸው ነው። ኑዛዜውን ዳግም ያነሳ የለም።

ቤቱ ሳያመልጣቸው እንዳልቀረ ለይታይሽ ልነግራት እየፈራሁ ሄድኩ። ሰምታኝ አጨበጨበች።

"እሰይ! አንድ ሰው ቀነሰልን።"